ዘጠኝ ቀዳዳ በአንድ ኢንች

በ1908 መገባደጃ ላይ የአሜሪካ ፒያኖ ሠሪዎች በኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ ተሰበሰቡ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የመከሩት ስለ ፒያኖው ሳይሆን ስለ ወረቀት ነበር። በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ዜማውን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ወረቀቱን በፈቀደው ስፋት ይቆርጥ፣ ቀዳዳውንም ባሻው ርቀት ይበሳ ነበር። የአንዱን ፋብሪካ ፒያኖ ይዞ የሌላውን ጥቅል የገዛ ሰው ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። ቡፋሎ ላይ የተስማሙት በጥቂት ቁጥሮች ነው፦ የወረቀቱ ስፋት 11 ኢንች ከሩብ ይሁን፤ ባለ 65 ድምፁ ጥቅል በአንድ ኢንች 6 ቀዳዳ፣ ባለ 88 ድምፁ ደግሞ በአንድ ኢንች 9 ቀዳዳ ይያዝ።

ውሉ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ልክ የተበሳ ባለ 88 ድምፅ ጥቅል፣ ያሳተመው ድርጅት ከከሰመ ስንት ዘመን ቢያልፍም፣ ዕቃው ታድሶ በሚሠራ በማንኛውም ባለ 88 ድምፅ ፒያኖ ላይ ዛሬም ይጫወታል።

ታሪኩን ያነሣሁት በራሱ የሚጫወት ፒያኖውን ቤቱ ካለው ኮምፒውተር ጋር ያለ ገመድ ማገናኘት ለሚፈልግ ሰው ከየትኛውም የዕቃ ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን ነው። ፒያኖው ሳሎን ነው፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ክፍል። በመሃል የተዘረጋው ገመድ ሰው ያደናቅፋል፣ በር አያስዘጋም። እናም ሰው ገበያ ወጥቶ የትኛው ዕቃ እንደሚሻል ይጠይቃል። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፦ ከምገዛው ነገር ውስጥ ዕቃው ሲበላሽ ወይም ሠሪው ሲዘጋ አብሮ የማይጠፋው የትኛው ክፍል ነው?

ጥንት ነገሩ የሚሠራው በአየር ነበር። ኤድዊን ቮቲ የተባለው አሜሪካዊ በ1895 ዲትሮይት ውስጥ የሠራው ፒያኖላ ራሱን የቻለ ሣጥን ሆኖ ከፒያኖው ፊት ይቆምና በእንጨት ጣቶቹ ቁልፎቹን ይጫን ነበር። ኋላ መሣሪያው በሙሉ ወደ ፒያኖው ሆድ ገባ። ተጫዋቹ በእግሩ ወናፍ ይረግጣል፤ ወናፉ ከውስጥ አየር ይስባል። ወረቀቱ ተርታ ቀዳዳ ባለው የነሐስ ዘንግ ላይ ይንሸራተታል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከነሐሱ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር በቱቦው ይገባል፣ ቫልቭ ይከፈታል፣ የዚያ ድምፅ ትንሽ ወናፍ ይኮማተራል፣ መዶሻው ተነሥቶ አውታሩን ይመታል። ቀዳዳው ሲረዝም ድምፁ ይረዝማል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት ፒያኖዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዚህ ዓይነት ነበሩ።

የቡፋሎው ውል ያልነካው አንድ ትልቅ ነገር ግን ነበር። ውሉ የትኛው ድምፅ የት ላይ እንደሚበሳ ይወስናል እንጂ ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚመታ አይናገርም። ያንን የሚያደርገው የሚረግጠው ሰው ነው፤ ለዜማው ነፍስ የሚሰጠው በእግሩ ጉልበት ነበር። በ1904 ጀርመን ውስጥ፣ ፍራይቡርግ ከተማ፣ ኤድቪን ቬልቴ እና ካርል ቦኪሽ የፒያኒስቱን አመታት ጭምር መዝግቦ የሚመልስ ማሽን ይዘው ወጡ፤ ስሙንም ቬልቴ ሚኞን አሉት። ጉስታቭ ማህለር በኖቬምበር 1905 ላይፕሲሽ ላይ አራት ጥቅል ተጫወተበት፤ የማህለር አጨዋወት የተያዘው በእነዚያ ጥቅሎች ብቻ ነው። አሜሪካኖቹም ተከተሉ። ኤዮሊያን ኩባንያ ዱዎ አርትን፣ አሜሪካን ፒያኖ ኩባንያ አምፒኮን አወጡ። ጆርጅ ገርሽዊን ለዱዎ አርት፣ ሰርጌ ራህማኒኖፍ ለአምፒኮ ተጫወቱ።

ሦስቱ ግን ቡፋሎን አልደገሙትም። የቬልቴ የመጀመሪያው ቀይ ጥቅል ገና በስፋቱ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ የሌላ ፒያኖ አፍ አይገባም። የአምፒኮና የዱዎ አርት ጥቅሎች ስፋታቸው የቡፋሎው ስለሆነ ይገባሉ። የራህማኒኖፍን የአምፒኮ ጥቅል ዱዎ አርት ፒያኖ ላይ ቢሰቅሉት ድምፆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየቦታቸው ይወጣሉ፤ ልስላሴውንና ጥንካሬውን የሚያዙት በወረቀቱ ግራና ቀኝ ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ግን የተበሱት ለሌላ ማሽን ነው። ዜማው አለ፣ ራህማኒኖፍ የለም። እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የተስማሙበት ተርፎ የጠፋው በትክክል እያንዳንዱ ድርጅት "ይህ የእኔ ብልጫ ነው" ብሎ የዘጋበት ክፍል መሆኑ።

ድርጅቶቹም ብዙ አልቆዩም። ራዲዮ መጣ፤ ከ1925 ወዲህ ሸክላ በኤሌክትሪክ ይቀዳ ጀመር፤ ከዚያ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት። ኤዮሊያን እና አሜሪካን ፒያኖ በ1932 ተዋሃዱ። የቬልቴ ፋብሪካ በኖቬምበር 1944 ፍራይቡርግ ላይ በወረደው ቦምብ ወደመ። የእነዚያን ፒያኒስቶች ሥራ ለመመለስ በኋላ የመጡ ሰዎች የየማሽኑን ጠባይ እንደገና ማጥናትና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረባቸው። አርቲስ ዎድሃውስ የገርሽዊንን ጥቅሎች ወደ ኮምፒውተር ፋይል አዛውራ በኤሌክትሪክ በራሱ በሚጫወተው የያማሃ ፒያኖ፣ በዲስክላቪየር፣ አስጫወተቻቸው፤ ሥራው በ1993 በዲስክ ወጣ። ዋይን ስታንኬ የራህማኒኖፍን የአምፒኮ ጥቅሎች እንዲሁ ፈትቶ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ቦዘንዶርፈር ላይ አሰማቸው፤ የእርሱ ዲስክ የ1998 ነው። ሁለቱም ሥራዎች ግሩም ናቸው። ግን ቀድሞ ስምምነት ቢኖር ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ።

አየሩ በኤሌክትሪክ ሲተካም ስሕተቱ ተደገመ። በ1978 ሱፐርስኮፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፒያኖኮርደርን ለገበያ አቀረበ። ወረቀቱ ቀርቶ ካሴት ገባ፤ ወናፉ ቀርቶ በየቁልፉ ሥር ሶሌኖይድ ተተከለ። ሶሌኖይድ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የብረት ዘንግ የሚገፋ ጥቅልል ሽቦ ነው፤ የዛሬዎቹም በራሳቸው የሚጫወቱ ፒያኖዎች የሚሠሩት በእርሱ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው መረጃ ግን በድርጅቱ በራሱ ዘዴ የተጻፈ ነበር። በ1987 ያማሃ ንግዱን ገዝቶ ምርቱን አቆመው። ፒያኖኮርደር የነበራቸው ቤተሰቦች ደህና ፒያኖ፣ ደህና ሶሌኖይድና አንድም አዲስ ዜማ የማይመጣበት ካሴት ማጫወቻ ይዘው ቀሩ። ኋላ የመሣሪያው ወዳጆች የካሴቱን አጻጻፍ ራሳቸው ፈትተው ወደ ሚዲ መለሱት፤ አንዳንዱ ፒያኖም በዚያ ምክንያት ዛሬ ድረስ ይሠራል።

እነሆ ሚዲ። የዘመናችን ቡፋሎ እርሱ ነው። በጃንዋሪ 1983 ካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የሴኩዌንሻል ሰርኪትስ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 የተባሉት ሲንተሳይዘሮች በአንድ ገመድ ተገናኝተው አንዱ ሲነካ ሌላው ድምፅ ሰጠ። ተፎካካሪዎች ናቸው፤ አገራቸውም አሜሪካና ጃፓን። የሴኩዌንሻሉ ዴቭ ስሚዝ እና የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከያማሃ፣ ከኮርግና ከካዋይ ጋር የተስማሙበትን ደንብ ማንም ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ለቀቁት። በ1985 ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር ባዋሐደበት ካሴት ላይ የተጫወተበት ያማሃ ዲኤክስ 7 በጀርባው ባለ አምስት እግሩ የሚዲ ሶኬት ነበረው። በአገራችንም ሆነ በውጭ በየሠርጉና በየመድረኩ የምናየው ኪቦርድ በዚያው ቋንቋ ይናገራል፤ ሶኬቱ ባይኖረው እንኳ በዩኤስቢው ሚዲ ያወራል።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። በድጓው ፊደል ላይ የተጻፉት የዜማ ምልክቶች ራሳቸው እንደማይዘምሩ፣ ለሚያውቀው መሪጌታ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት እንደሚነግሩት ሁሉ፣ ሚዲም ለፒያኖው "ይህን ቁልፍ፣ በዚህ ኃይል፣ አሁን" ይለዋል እንጂ የሚጮኸው አውታሩ ነው። አንዱ ትእዛዝ ሦስት ባይት ብቻ ነው፤ በዱሮው ገመድ ላይ፣ በሰከንድ 31,250 ቢት በሚያልፍበት፣ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ኃይሉ እስከ 127 በሚደርሱ ደረጃዎች ይጻፋል። ቬልቴ፣ አምፒኮና ዱዎ አርት ያልተስማሙበት የአመታት ጥንካሬ እዚህ በውሉ ውስጥ ገብቷል፤ ለእኔ ከ1908 እስከ 1983 የተደረገው ትልቁ እርምጃ እርሱ ነው።

ያለ ገመድ የሚለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እንደ መጓጓዣ ሆኖ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተውም መጓጓዣውን ከጭነቱ ባለመለየት ነው። ኮምፒውተሩን ከፒያኖው ጋር በብሉቱዝ ያጣምራል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ድምፁ ከፒያኖው ስፒከር ይወጣል፣ ቁልፎቹ ግን አይንቀሳቀሱም። የተላከው የተቀዳ ድምፅ ነዋ። ዘፈን ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚወስደው ብሉቱዝና ሚዲን የሚወስደው ብሉቱዝ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው በአፕል መሣሪያዎች ላይ በ2014 መጥቶ በማግስቱ ዓመት የሚዲ አምራቾች ማኅበር የጋራ ደንብ አድርጎ ተቀበለው። ፒያኖው አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም። ባለ አምስት እግሩ ሶኬት ካለው፣ መግቢያውና መውጫው ላይ የሚሰካ ጣት የምታህል አስተላላፊ ተሸጣ ትገኛለች፤ የ1980ዎቹ ዲስክላቪየር በእርሷ ከዛሬ ላፕቶፕ ጋር ይነጋገራል። በማክ ኮምፒውተር ግንኙነቱ ከሥርዓቱ ጋር የመጣ ነው። በዊንዶውስ ግን ብዙ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ብሉቱዝ ሚዲን በቀጥታ ስለማያዩት በመሃል አገናኝ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ የገዙትን ዕቃ "አይሠራም" ብለው የሚመልሱ ብዙ ናቸው።

ሌላው መንገድ የቤቱ ዋይፋይ ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላዛሮ እና ጆን ዋርዚኔክ ያዘጋጁት አርቲፒ ሚዲ የተባለው ደንብ በ2006 የኢንተርኔት ደንብ ሆኖ ታትሟል። ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ለራውተሩ ይሰጣል፣ ራውተሩ ፒያኖው አጠገብ ላለች ትንሽ ሣጥን ያቀብላል፣ ሣጥኗ በአጭር ገመድ ለፒያኖው ታደርሳለች። ሳሎንና ሥራ ክፍል ጎን ለጎን ከሆኑ ብሉቱዝ ይበቃል፤ ፎቅና ምድር ከሆኑ ወይም ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ከሆነ ዋይፋዩን እመርጣለሁ።

አርቲፒ ሚዲን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። በአየር ላይ መልእክት ይጠፋል። የተቀዳ ዘፈን እየሰማን አንዲት ቁራጭ ብትጠፋ ጥቂት ይንገጫገጫል፣ ያልፋል። "ቁልፉን ልቀቅ" የሚለው ትእዛዝ ቢጠፋ ግን ፒያኖው ቁልፉን እንደተጫነ ይቀራል፤ ድምፁ ይጎተታል፣ ሶሌኖይዱም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ላዛሮ እና ዋርዚኔክ ይህን አስቀድመው አስበውበታል። እያንዳንዱ እሽግ ቀደም ብሎ የተላከውን የሚያስታውስ ማስታወሻ አብሮት ስለሚሄድ አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ያርመዋል። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ግን የምትጠቀሙበት ፕሮግራም "ሁሉንም ድምፅ አቁም" የሚለውን ትእዛዝ የሚልክ ቁልፍ እንዳለው አረጋግጡ።

ስለ መዘግየት ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል፤ የሚጨነቀውም በተሳሳተው መዘግየት ነው። ብሉቱዝ ሚዲ መልእክቱን በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ሰብስቦ ይልካል፤ ደንቡ የሚፈቅደው ትንሹ ልዩነት 7.5 ሚሊሰከንድ ነው። ፒያኖው በራሱ ፈቃድ የሚያዘገየው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዝግታ የሚሄድ መዶሻ አውታሩ ጋ የሚደርሰው በኃይል ከተወረወረው ዘግይቶ ነው፤ ፒያኖው ትእዛዙን እንደ ደረሰው ቢፈጽም ለስላሳዎቹ ድምፆች ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ዜማውም ያነክሳል። ስለዚህ ዲስክላቪየር የመጣለትን ሁሉ 500 ሚሊሰከንድ ይይዝና ለስላሳውን ቀደም አድርጎ፣ ጠንካራውን ዘግየት አድርጎ ይለቃል። ፒያኒስቱ እንደመታው ሆኖ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው። ያ ግማሽ ሰከንድ ጉድለት መስሎት የሚያጠፋው ሰው የፒያኖውን ትልቁን ጥበብ አጠፋ።

የሚጎዳው የሚለዋወጥ መዘግየት ነው፤ አንዱ ድምፅ ቶሎ ደርሶ ቀጣዩ ሲንቀረፈፍ። ብሉቱዝ ሚዲ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የተነሣበትን ሰዓት በሚሊሰከንድ የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ ጥሩ ተቀባይ ያንን አንብቦ ሩጫውን ያስተካክላል፣ ርካሹ ግን እንደደረሰው ያፈሰዋል። ዕቃ ሲገዙ መጠየቅ የሚገባው ይህን ነው።

ግማሽ ሰከንዱ የሚያስቸግርባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ኮምፒውተሩ ከፒያኖው ጋር አብሮ ድምፃዊ ወይም ሌላ መሣሪያ የሚያሰማ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የኮምፒውተሩን ድምፅ በዚያው 500 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ይበቃል፣ ብዙ ፕሮግራሞችም ያንን የሚሞሉበት ቦታ አላቸው። ሁለተኛው ሰው ሌላ ክፍል ባለ ኪቦርድ ላይ እየተጫወተ ፒያኖውን ሊያዝበት ሲፈልግ ነው። ጣቱ ከነካ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ድምፅ እየሰማ ማንም አይጫወትም። ለዚህ ብቻ መዘግየቱን ያጥፋው፤ ለስላሳዎቹ ድምፆች ጥቂት ወደ ኋላ መቅረታቸውን ይታገሣል፣ ሲጨርስም ይመልሰዋል።

የዜማዎቹን ፋይል በተመለከተ የቡፋሎ ትምህርት በቀጥታ ይሠራል። ያማሃ ራሱ ዲስክላቪየርን ሲጀምር በፍሎፒ ላይ የሚጽፈው ኢ ሴክ በተባለ የግሉ አጻጻፍ ነበር። ፍሎፒ አርጅቶ ይበላሻል፣ ማጫወቻውም አሁን በገበያ ብዙም የለም። ቤቱ እንዲህ ያሉ ዲስኮች ያሉት ሰው ያለ ገመድ ከሚሠራው ሁሉ በፊት እነርሱን ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጥ፣ ወደ መደበኛው የሚዲ ፋይልም ይለውጣቸው፤ ይህን የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ። ሁሉንም ድምፅ በአንድ መስመር የሚያስቀምጠው ፎርማት 0 ለአሮጌ ፒያኖዎች ይስማማቸዋል። በወር ክፍያ በአንድ ድርጅት መተግበሪያ በኩል ብቻ የሚገኝ ዜማ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ እንደ ውሰት እቆጥረዋለሁ። መተግበሪያው ሲዘጋ የሚቀረው በመደበኛ ፋይል የተያዘው ነው።

መንገዱ ወዲያም ወዲህም ነው። ዲስክላቪየር ቁልፎቹን የሚያነብ የብርሃን ዳሳሽ ስላለው ቤት ውስጥ የሚጫወት ሰው የመታውን ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል። ልጅ ሲለማመድ፣ አያት የድሮ ዜማ ሲሞክሩ፣ ያለ አንድ ማይክሮፎን ተይዞ በዚያው ፒያኖ ላይ እንደገና ሊሰማ ይችላል። እዚህ ላይ ግማሽ ሰከንዱ የለም፤ መቅዳቱ በነበረበት ጊዜ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የመጣለትን መልሶ ወደ ፒያኖው እንዳያስተላልፍ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ መልሶ ማስተላለፉን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የተመታው ድምፅ ዞሮ መጥቶ በተጫዋቹ ጣት ሥር ይመታል።

አሮጌውን ገመድ አትጣሉት። አንድ ቀን ፒያኖው ዝም ቢል ወይም ድምፆቹ ቢንቀጠቀጡ ኮምፒውተሩን አስጠግታችሁ በገመዱ ሞክሩት። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ያለው አየሩ ላይ ነው፤ ራውተሩን ወይም አስተላላፊውን ትመለከታላችሁ። በገመድም ካልሠራ የፒያኖ ባለሙያ ትጠራላችሁ።